ለከፈልነው ገንዘብ የበለጠ ፕሮቲንና አልሚ ንጥረ ነገር የሚሰጠን የትኛው ሥጋ ነው?

የቤት እመቤት (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። የቤታችንን ወጪ በደብተር መመዝገብ ከጀመርኩ አራት ወር ሆነኝ። ከምግብ ወጪያችን ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ሥጋ እንደሆነ ያየሁት ያኔ ነው። ነገር ግን ለዚያ ሁሉ ገንዘብ በምላሹ ምን ያህል ሰውነት የሚጠግን ነገር ወደ ቤቴ እንደሚገባ አላውቅም። እስከ ዛሬ የምገዛው በልማድ ነበር፤ በኪሎ ዋጋው ዝቅ ያለውን አነሣለሁ፣ እጄ ላይ ትንሽ ሲተርፍ ደግሞ ወደድ ያለውን እወስዳለሁ።

አሁን ግን የቤተሰቤ ፍላጎት ተለያየብኝ። አባቴ 74 ዓመታቸው ነው፤ ጥርሳቸው ስለደከመ ጠንከር ያለ ሥጋ ማኘክ አይችሉም፣ ክንዳቸውና ጭናቸውም እየሳሳ ሄዷል። የ19 ዓመት ሴት ልጄ በአይረን እጥረት የመጣ ደም ማነስ እንዳለባት በምርመራ ታውቋል። የ16 ዓመት ወንድሟ በየቀኑ ኳስ ስለሚጫወት የቀረበለትን ጠርጎ ይነሣል። ባለቤቴ ደግሞ ክብደት እንዲቀንስ ሐኪም መክሮታል። ለእያንዳንዳቸው የተለያየ ሥጋ እየገዛሁ አልዘልቀውም። ስለዚህ የዶሮን፣ የበሬን፣ የበግንና የፍየልን ሥጋ፣ እንዲሁም ዓሣንና ጉበትን በፕሮቲናቸው፣ በሌላው ንጥረ ነገራቸውና በዋጋቸው እንዴት አድርጌ ላወዳድራቸው? ዋጋ ከቦታ ቦታና ከሳምንት ሳምንት ስለሚለያይ የምፈልገው የዋጋ ዝርዝር ሳይሆን የትም ሆኜ ልጠቀምበት የምችለውን ስሌት ነው።

ሚዛን ያዥ

እህቴ፣ በመጀመሪያ የኪሎ ዋጋ የሚባለውን ነገር ለጊዜው ይተዉት። አንድ ኪሎ ሥጋ ሲገዙ የሚከፍሉት ለአጥንቱም፣ ለቆዳውም፣ ለጅማቱም፣ ለውኃውም ነው፤ የሚፈልጉት ግን ከዚያ ሁሉ ውስጥ የተወሰነውን ነው። ስሌቱ ሁለት እርምጃ ብቻ አለው። ከገዙት ኪሎ ውስጥ የሚበላው ስንት ግራም እንደሆነ ይመዝናሉ፤ ያንን በሥጋው የፕሮቲን መጠን ያባዛሉ። የከፈሉትን ገንዘብ በተገኘው የፕሮቲን ግራም ሲያካፍሉት እውነተኛው ዋጋ ይወጣል።

እኔ ይህንን ያረጋገጥኩት በገዛ እጄ ነው። ደረቱ ለምን ይህን ያህል ይወደዳል እያልኩ ለዓመታት የዶሮ እግር ከነታፋው ነበር የምገዛው። አንድ ቀን 1 ኪሎ ግራም እግር ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ አጥንቱን በትንሽ ቢላዋ ፈለቀቅሁ፣ ቆዳውንና ከሥሩ የተጠራቀመውን ስብ ገፈፍሁ፣ ሁሉንም ለየብቻ በወጥ ቤት ሚዛን ላይ አስቀመጥሁ። አጥንቱ 270 ግራም፣ ቆዳውና ስቡ 110 ግራም፣ የቀረው ንጹሕ ሥጋ 620 ግራም ሆነ። ቆዳ የሌለው ጥሬ የዶሮ ታፋ በ100 ግራም ወደ 19.5 ግራም ፕሮቲን ስላለው ከኪሎው ያገኘሁት 121 ግራም ያህል ፕሮቲን ነው። አጥንትና ቆዳ የሌለው ጥሬ ደረት ግን በ100 ግራም ወደ 22.5 ግራም ስለሚሰጥ ከአንድ ኪሎ 225 ግራም ይገኝበታል።

121ን ለ225 ሲያካፍሉ 54 ከመቶ ይመጣል። ይህች ቁጥር የትኛውም ገበያ ላይ ትሠራለች። የእግሩ የኪሎ ዋጋ ከደረቱ ዋጋ 54 ከመቶ በታች ከሆነ በፕሮቲን ረገድ እግሩ ያዋጣል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ርካሽ የመሰለን እግር በእውነቱ ከደረቱ የተወደደ ነው። ቆዳውን የሚበላ ቤተሰብ ስሌቱ ለእግሩ ትንሽ ያደላለታል፤ ክብደት እንዲቀንሱ ለተመከሩት ባለቤትዎ ግን ቆዳው መውጣት ስላለበት እኔ ሳልቆጥረው ቀረሁ።

ስፖርተኛው

ነገሩን ይህን ያህል ማወሳሰብ አያስፈልግም ባይ ነኝ። የዶሮ ደረት በ100 ግራም 31 ግራም ፕሮቲን አለው፤ የተፈጨ የበሬ ሥጋ ደግሞ 17 ግራም ብቻ ነው። እጥፍ ሊሆን ምንም ያህል አልቀረውም። እኔ ለሦስት ዓመት ከደረት በስተቀር ሌላ ሥጋ አልገዛሁም፤ ጡንቻዬም ምስክር ነው።

የምግብ ሳይንስ መምህር

ስፖርተኛው የጠቀሷቸው ሁለቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው፤ ነገር ግን አንዱ የበሰለ ሥጋ ቁጥር ነው፣ ሌላው የጥሬ። እነዚህን ማወዳደር የደረቀ ልብስን ከእርጥብ ልብስ ጋር እንደ መመዘን ነው። ስብ የሌለበት ጥሬ ሥጋ ከክብደቱ ወደ 75 ከመቶ የሚሆነው ውኃ ነው። እሳት ላይ ሲቀመጥ ሩቡ ያህል ክብደት ይወጣል፤ ከሚወጣው ውስጥ አብዛኛው ውኃ ነው። 100 ግራም ጥሬ ደረት ሲጠበስ 73 ግራም ገደማ ይሆንና 22.5 ግራም ፕሮቲኑ በዚያ በጠበበው ክብደት ውስጥ ይቀራል። በ100 ግራም 31 የሚለው ቁጥር የመጣው ከዚህ ነው። ፕሮቲኑ አልጨመረም፤ የቀነሰው ውኃው ነው። ስለዚህ የምንገዛው ጥሬውን እስከሆነ ድረስ ከዋጋ ጋር የምናጋጥመው የጥሬውን ቁጥር መሆን አለበት።

በጥሬው ስንመለከተው ልዩነቱ ብዙዎቻችን ከምናስበው ያነሰ ነው። ስብ የሌለበት የፍየል ሥጋ 20.6 ግራም፣ ስቡ 10 ከመቶ የሆነ የተፈጨ የበሬ ሥጋ 20 ግራም፣ ስቡ 20 ከመቶ የሆነው 17.2 ግራም፣ ስብ የሚበዛበት የተፈጨ የበግ ሥጋ 16.6 ግራም፣ የበሬ ጉበት 20.4 ግራም፣ ቲላፒያ ዓሣ 20 ግራም፣ ሳልሞን 20.4 ግራም አላቸው። ማለትም ስቡ ከወጣለት የየትኛውም እንስሳ ጡንቻ ከ100 ግራም ውስጥ 20 ግራም አካባቢ ፕሮቲን ነው። ፕሮቲኑን ዝቅ የሚያደርገው የእንስሳው ዓይነት ሳይሆን ቦታውን የሚሻማው ስብ ነው።

ከዚህ ይልቅ ትልቅ ልዩነት የሚታየው ከፕሮቲኑ ጋር ስንት ካሎሪ አብሮ እንደሚመጣ ስንመለከት ነው፤ ይህ ደግሞ በተለይ የጠያቂዋን ባለቤት ይመለከታል። ከ100 ካሎሪ የዶሮ ደረት ወይም ስብ የሌለበት የፍየል ሥጋ 19 ግራም ገደማ፣ ከቲላፒያ 21 ግራም ያህል ፕሮቲን ይገኛል። ስቡ 20 ከመቶ የሆነው የተፈጨ የበሬ ሥጋ ግን ለዚያው 100 ካሎሪ የሚሰጠው ከ7 ግራም ያነሰ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በማሸጊያ ላይ የምናነበው የፕሮቲን ቁጥር በቀጥታ ፕሮቲንን በመለካት የተገኘ አይደለም። ዴንማርካዊው ኬሚስት ዮሐን ኬልዳል እ.ኤ.አ. በ1883 ይፋ ባደረገው ዘዴ የምግቡ ናይትሮጅን ይለካና ብዙውን ጊዜ በ6.25 ይባዛል። ስለዚህ ቆዳና ጅማት ውስጥ ያለው ኮላጅንም ልክ እንደ ጡንቻው ፕሮቲን ይቆጠራል። ኮላጅን ግን ትሪፕቶፋን የተባለው አስፈላጊ አሚኖ አሲድ፣ ማለትም ፕሮቲን ከሚገነባባቸው ነገሮች አንዱ፣ የለውም፤ ብቻውን ቢበላ ሰውነት ጡንቻ ሊሠራበት አይችልም። ከሌላ ሥጋ ጋር ተቀላቅሎ ሲበላ ግን ጉድለቱ በሌላው ስለሚሞላ ቅልጥም ወይም ጅማት ያለበት ሥጋ መግዛት ነውር የለበትም። ቅር የሚለኝ በጅማትና በቆዳ የተሞላ የተፈጨ ሥጋ በፕሮቲን ቁጥሩ ብቻ እንደ ጥሩ ሥጋ ሲሸጥ ነው።

ስፖርተኛው

ተቀብያለሁ። ለሦስት ዓመት በበሰለው ቁጥር እያሰላሁ ጥሬውን ስመዝን ኖሬአለሁ ማለት ነው፤ 60 ግራም በላሁ ያልኩበት ቀን የበላሁት 44 ነበር። እናመሰግናለን መምህር።

ሥጋ ቆራጭ

ከሥጋ ቢላዋ ጋር 15 ዓመት አሳልፌአለሁና ስለተፈጨው ሥጋ የማውቀውን ልናገር። የስቡ መጠን የተጻፈበት የተፈጨ ሥጋ ካገኛችሁ መጀመሪያ የምታነቡት እሱን ይሁን። 20 ከመቶ ስብ ያለው ከ10 ከመቶው ቢያንስ በ14 ከመቶ ካልረከሰ በፕሮቲን አያዋጣም፤ 17.2ን ለ20 ስታካፍሉት 86 ከመቶ ይመጣላችኋልና። የስቡ መጠን ያልተጻፈበት ከሆነ ሥጋውን በዓይናችሁ እያያችሁ ማስፈጨት ይሻላል። ሲያዩት ሐመር ያለ፣ ነጫጭ ነጥብ የበዛበት፣ በጣት ሲነካ የሚያሙለጨልጭ ከሆነ ስብ በዝቶበታል።

ቤት ውስጥ ለመፈተን ቀላል ነው። ባለፈው 500 ግራም ስብ የበዛበት የተፈጨ ሥጋ ምንም ዘይት ሳልጨምር በመጥበሻ አበሰልሁ። መጀመሪያ ግራጫ ውኃ አወጣ፤ ውኃው ሲደርቅ ሥጋው በራሱ ስብ ውስጥ መንጫጨት ጀመረ። ፈሳሹን ወደ ብርጭቆ ገልብጬ ሥጋውን መዘንሁት፤ 355 ግራም ሆኖ አገኘሁት። ብርጭቆው ከቀዘቀዘ በኋላ ከላይ የረጋው ነጭ ስብ ሁለት ጣት ያህል ይወፍር ነበር። ያንን ስብ የገዛሁት በሥጋ ዋጋ ነው።

ሌላው መታወቅ ያለበት ውኃ ነው። አንዳንድ አምራቾች ዶሮውን ከማሸጋቸው በፊት ጨውና ውኃ በመርፌ ይወጉታል። ሕጉ በሚያስገድድበት ቦታ የተጨመረው ፈሳሽ መጠን በማሸጊያው ላይ በትንሽ ፊደል ይጻፋል። ሥጋው መጥበሻ ላይ ከመጥበስ ይልቅ በራሱ ውኃ የሚቀቀል ከሆነ፣ ከቀመሳችሁትም ጨው ሳትጨምሩበት ጨው ጨው ካለ፣ ነገሩ ያ ነው። ውኃውን በሥጋ ዋጋ ከመክፈል አልፎ ደም ግፊት ላለበት ሰው ሳያውቀው ጨው መመገብ ይሆንበታል። በረዶ ተደርቦባቸው ለሚሸጡ ዓሦችም ነገሩ ያው ነው።

ዶሮ በብዙ ቦታ ከበሬ የሚረክሰው ሥጋው ስለሚያንስ እንዳልሆነም ልንገራችሁ። ለሥጋ ተብሎ የተዳቀለ ዶሮ ስድስት ሳምንት አካባቢ ለዕርድ ይደርሳል፤ አንድ ኪሎ ክብደት ለመጨመርም ሁለት ኪሎ የማይሞላ መኖ ይበቃዋል። ከብት ግን ከዓመት በላይ ይቀለባል፣ ለአንድ ኪሎ ጭማሪም ስድስት ኪሎና ከዚያ በላይ መኖ ይፈልጋል። በዋጋው ላይ የምትከፍሉት መኖውንና ጊዜውን ነው።

ነርሷ

እስካሁን የተነገረው ሁሉ ጠቃሚ ነው። ነገር ግን የ19 ዓመቷን ልጅ ነገር ማንም ሳያነሣው እንዳይቀር ፈራሁ። ለእሷ የሥጋ ዋጋ የሚለካው በፕሮቲን አይደለም። ስብ የሌለበት ጥሬ የበሬ ሥጋ በ100 ግራም ከ2 ሚሊ ግራም በላይ አይረን ሲኖረው፣ የዶሮ ደረት ያለው 0.4 ሚሊ ግራም ገደማ ብቻ ነው። ከ100 ግራም የበሬ ሥጋ የምታገኘውን አይረን ከዶሮ ደረት ለማግኘት ከግማሽ ኪሎ በላይ መብላት ይኖርባታል ማለት ነው። የፍየል ሥጋ 2.8 ሚሊ ግራም ገደማ አለው። ዚንክና ቫይታሚን ቢ12ም በዚያው መንገድ ከነጩ ሥጋ ይልቅ በቀዩ ውስጥ በእጅጉ ይበዛሉ። ለባለቤትዎ ምርጥ የሆነው ደረት ለልጅዎ ከሁሉ ደካማው ምርጫ ነው።

መጠኑ ብቻም አይደለም። በሥጋ ውስጥ ካለው አይረን ከፊሉ ሂም የሚባለው ዓይነት ሲሆን ሰውነት ከእርሱ ከ15 እስከ 35 ከመቶ ድረስ ሊወስድ ይችላል። በጥራጥሬና በቅጠላ ቅጠል ውስጥ ያለው ሌላው ዓይነት ግን አብሮት እንደሚበላው ነገር ከ2 እስከ 20 ከመቶ ይዋዥቃል። ለኪሳችንም የሚበጅ አንድ እውነት አለ፦ ጥቂት ሥጋ ከጥራጥሬ ጋር አብሮ ሲበላ ሰውነት ከጥራጥሬው የሚወስደው አይረን ይጨምራል። ስለዚህ ለአንድ ቀን የታሰበውን ሥጋ በአንድ ጊዜ ጨርሶ ከመብላት ይልቅ በትንሽ በትንሹ ለሁለትና ለሦስት የጥራጥሬ ምግቦች ማከፋፈል ይሻላል። ቫይታሚን ሲ ያለው ፍራፍሬ ወይም አትክልት ቢጨመርበት ደግሞ ይበረታል። ሻይና ቡና ይህንን ስለሚያደናቅፉ ከምግብ ጋር ሳይሆን አንድ ሁለት ሰዓት ራቅ ተደርገው ቢጠጡ መልካም ነው።

በእሷ ዕድሜ ላለች ሴት በቀን 18 ሚሊ ግራም አይረን ይመከራል፤ ለአዋቂ ወንድ 8 ነው። ስለዚህ ደም ማነስ አንዴ ከመጣ ሥጋ ብቻውን ጉድለቱን ቶሎ አይሞላውም። ሐኪም ያዘዘላት እንክብል ካለ ሥጋ በመብላቷ እንዳታቋርጠው አደራ። አይረኗ ለምን እንደጎደለ፣ የወር አበባዋ የሚበዛ ከሆነ ወይም ሌላ የሚደማ ነገር ካለ፣ መታየት አለበት።

የቤት እመቤት (ጠያቂ)

ነርሷን እግዜር ይስጥልኝ። የወር አበባዋ በርግጥ ይበዛባታል፤ ከምግቡ ጋር አያይዤው አላውቅም ነበር፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ አነሣለሁ። ጉበትስ እንዴት ነው? ከሥጋው ሁሉ ረክሶ የማገኘው እሱን ነው፤ ለደም ጥሩ ነው ሲባልም እሰማለሁ። በየቀኑ ብሰጣትስ?

ነርሷ

በየቀኑ አይሆንም። ጉበት በገንዘብ ሲመዘን ወደር የለውም ማለት ይቻላል። አጥንት የለውም፣ ስቡ ጥቂት ነው፣ ፕሮቲኑ ከጥሩ ሥጋ እኩል ነው። ጥሬ የበሬ ጉበት በ100 ግራም ወደ 5 ሚሊ ግራም፣ የዶሮ ጉበት ወደ 9 ሚሊ ግራም አይረን አለው። የበሬ ጉበት ቫይታሚን ቢ12 ደግሞ 59 ማይክሮ ግራም ያህል ነው፤ አንድ አዋቂ በቀን የሚያስፈልገው 2.4 ብቻ ነው።

ችግሩ ከዚህ ሀብት ጋር አብሮ የሚመጣው ቫይታሚን ኤ ነው። 100 ግራም የበሬ ጉበት ወደ 5,000 ማይክሮ ግራም ቫይታሚን ኤ አለው፤ ለአዋቂ ሰው በየቀኑ ሲወሰድ ሊታለፍ የማይገባው ጣሪያ ግን 3,000 ነው። ይህ ቫይታሚን በስብ ውስጥ የሚሟሟ ስለሆነ ትርፉ በሽንት አይወጣም፤ በራሳችን ጉበት ውስጥ ይጠራቀማል። ሳምንት እየጠበቀ የሚበላ መጠነኛ ጉበት ለጤናማ አዋቂ አያስጨንቅም። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ለመፀነስ የምታስብ ሴት ግን ብዙ ቫይታሚን ኤ ጽንሱን ሊጎዳ ስለሚችል ከጉበት ትራቅ። የዶሮ ጉበት ደግሞ ውስጡ ድረስ መብሰል አለበት፤ ጀርም የሚገኘው በገጹ ላይ ብቻ አይደለምና።

ለአባትዎም ልንገርዎት። ከ65 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው በኪሎ ግራም ክብደቱ ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን በቀን ቢያገኝ ይመከራል፤ ለሌላው አዋቂ የሚባለው 0.8 ገደማ ነው። አባትዎ 60 ኪሎ ከሆኑ ከ60 እስከ 72 ግራም ማለት ነው፤ ወተት፣ እንቁላልና ጥራጥሬውም ከዚህ ይቆጠራል። የኩላሊት ሕመም ካለባቸው ግን ይህ ቁጥር አይሠራም፤ ሐኪማቸው ይወስን። ያረጀ ጡንቻ ትንሽ ፕሮቲን ሲደርሰው እንደ ወጣቱ ቶሎ ስለማይነቃ ሁሉንም ለማታ ከማስቀመጥ ይልቅ በሦስቱም ማዕድ ላይ ከ20 ግራም በላይ እንዲደርስ ማከፋፈሉ ይረዳል። እኔ በሥራዬ የማያቸው አዛውንት ብዙዎቹ ሥጋ ጠልተው አይደለም የሚተዉት። እያኘኩ ሰው ሲጠብቃቸው ያፍራሉ፤ ጎርሰው መዋጥ ሲያቅታቸው በመሐረብ ይሸሽጉታል። ሳህናቸውን ሳይሆን መሐረባቸውን ይዩልኝ።

ሥጋ ቆራጭ

ለአባት የሚሆነው እንግዲህ ቅልጥምና ትከሻ ነው። በኪሎ ከሽንጥ ብዙ ይረክሳል፤ የሚጠላውም ጅማት ስላለበት ነው። ነገር ግን በትንሽ እሳት ተከድኖ ለሦስትና ለአራት ሰዓት ሲቀቀል ያ ጅማት ሟሙቶ እንደ ሙጫ ይለሰልሳል፣ ሥጋውም በማንኪያ ይላላል። ቸኩሎ በኃይለኛ እሳት ያበሰለው ሰው ግን ጎማ ያገኛል። የተፈጨ ከሆነም ያው ልስልስ ነው፤ ግን በገጹ ላይ የነበረው ጀርም ሲፈጭ ወደ ውስጥ ስለሚገባ መሐሉ ቀይ ሆኖ እንዳይቀር፣ ቴርሞ ሜትር ያለው ሰው እስከ 71 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ዶሮ ከሆነ እስከ 74 ያድርሰው።

የባሕር ዳርቻ ሰው

ዓሣ ተረሳ። ሙሉውን ዓሣ የሚገዛ ሰው ሚዛን ያዥ ያሳዩትን ስሌት ከሁሉ በላይ ይፈልገዋል። ከቲላፒያ ራሱ፣ አጥንቱ፣ ቅርፊቱና ሆድ ዕቃው ወጥቶ የሚቀረው ንጹሕ ሥጋ ከክብደቱ ሲሶ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ከአንድ ኪሎ የሚገኘው ፕሮቲን 70 ግራም እንኳ አይሞላ ይሆናል። ከሳልሞን ግን ከግማሽ በላይ ይተርፋል።

እኔ ለቤተሰብ የምመክረው የታሸገ ሰርዲን ነው። ፈሳሹ ከተንጠፈጠፈ በኋላ በ100 ግራም ወደ 25 ግራም ፕሮቲን፣ አጥንቱ አብሮ ስለሚበላም ወደ 380 ሚሊ ግራም ካልሲየም አለው። ለልብ የሚጠቅሙት ሁለቱ የዓሣ ኦሜጋ 3 ስቦችም ወደ 1 ግራም ይደርሳሉ፤ በቀን የሚመከረው 250 ሚሊ ግራም በመሆኑ ይህ የአራት ቀን ድርሻ ነው። በሬም ሆነ ዶሮ ይህንን አይሰጡም። አጥንቱ በጣት ሲጫኑት የሚፈርስ በመሆኑ ጥርሳቸው ለደከመ አባት እንኳ አያስቸግርም። ዋጋውን ስታሰሉ ግን በጣሳው ላይ ከተጻፉት ሁለት ክብደቶች ትንሹን ውሰዱ፤ 125 ግራም በሚለው ጣሳ ውስጥ ያለው ዓሣ ብዙውን ጊዜ 90 ግራም ገደማ ነው፣ የቀረው ዘይት ነው። ሰርዲን ትንሽና ዕድሜው አጭር ስለሆነ እንደ ትልልቆቹ አዳኝ ዓሦች ሜርኩሪ የተባለውን መርዛማ ብረት አያጠራቅምም።

ጥንቁቁ አንባቢ

ስለ ቀይ ሥጋ ሲነገር አንድ ነገር መታለፍ የለበትም። የዓለም ጤና ድርጅት አካል የሆነው ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2015 ቀይ ሥጋን ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ተብለው ከሚገመቱት ጋር መድቦታል። እንግዲህ የበሬንና የፍየልን ሥጋ እንዲህ እያወደስን ለወጣት ልጅ መምከራችን ተገቢ ነው?

የምግብ ሳይንስ መምህር

ማንሣትዎ ተገቢ ነው። በዚያው ውሳኔ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነበሩ። ቋሊማንና በጨው፣ በጭስ ወይም በማቆያ ኬሚካል የተቀነባበረ ሥጋን በመጀመሪያው ምድብ፣ ማለትም በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ በቂ ማስረጃ ከተገኘባቸው ጋር መደበው። ያልተቀነባበረው ቀይ ሥጋ የገባው ማስረጃው ውስን በሆነበት በሁለተኛው ምድብ ነው። ምድቡ የሚናገረው ማስረጃው ምን ያህል የጠነከረ እንደሆነ ነው፤ አደጋው ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ አይደለም። በየቀኑ 50 ግራም የተቀነባበረ ሥጋ መብላት የትልቁ አንጀት ካንሰር አደጋን በ18 ከመቶ ገደማ እንደሚጨምር ተገምቷል፤ ጭማሪው የሚሰላው ሰውየው ቀድሞ በነበረው አደጋ ላይ ነው።

ለቀይ ሥጋ የዓለም የካንሰር ምርምር ፈንድ የሚመክረው ጣሪያ በሳምንት ከ350 እስከ 500 ግራም የበሰለ ሥጋ ነው። ልጅቷ ነርሷ እንዳሉት በትንሽ በትንሹ ከጥራጥሬ ጋር ብትመገብ ከዚህ አታልፍም። እኔ የምከለክለው ቋሊማውን ነው፤ በዋጋም ቢሆን ስብ፣ ጨው፣ ውኃና አንዳንዴም ዱቄት በሥጋ ስም የሚሸጥበት ነውና ዝቅተኛ የኪሎ ዋጋው ሊያታልለን አይገባም።

የቤት እመቤት (ጠያቂ)

ትናንት ገበያ ወርጄ ስሌቱን ሞከርሁት። የእግሩ ዋጋ ከደረቱ 62 ከመቶ ሆኖ አገኘሁት፤ ስለዚህ ለብዙ ጊዜ እያተረፍሁ ሲመስለኝ እከስር ነበር ማለት ነው። ለባለቤቴና ለወንድ ልጄ ደረቱን ገዛሁ፤ ለአባቴ ቅልጥም፣ ለሴት ልጄ ከጥራጥሬ ጋር የምትመገበው ስብ የሌለበት የበሬ ሥጋ፣ ለሁላችንም በሳምንት አንድ ቀን ጉበት፣ አንድ ቀን ሰርዲን። ቅልጥሙን ከአራት ሰዓት በኋላ ስከፍተው ሥጋው ከአጥንቱ ራሱን ለቆ ተኝቶ ነበር። አባቴ ሳህናቸውን ጨረሱ፤ መሐረባቸውንም አየሁ፣ ምንም የለበትም።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። ያ ሁሉ አጥንት ይጣላል? ለአባቴ መረቁን አጥብቄ እያፈላሁ ብሰጣቸው ፕሮቲንና ካልሲየም አያገኙበትም?

የምግብ ሳይንስ መምህር

አይጣሉት፤ ግን ብዙም አይጠብቁበት። ካልሲየሙ ከአጥንቱ ጋር የተጋገረ ስለሆነ ለሰዓታት ቢፈላም ወደ መረቁ የሚወጣው ጥቂት ነው። የሚወጣው ፕሮቲንም ቀደም ብዬ ያነሣሁት ኮላጅን ነው፤ ሲቀዘቅዝ የሚያረጋው እሱ ነው፣ ትሪፕቶፋንም የለውም። ስለዚህ አንድ ሳህን መረቅ በአንድ ሳህን ሥጋ ቦታ ከገባ አባትዎ ጠግበው ይነሣሉ እንጂ ጡንቻቸው አይጠገንም።

ሥጋው ራሱ የተቀቀለበት መረቅ ግን ሌላ ነገር ነው። ታያሚንን የመሳሰሉት በውኃ የሚሟሙ የቢ ቫይታሚኖች ከሥጋው ወደ ውኃው ስለሚወርዱ እሱን መድፋት የከፈሉበትን መድፋት ነው። መረቁን አንድ ሌሊት ማቀዝቀዣ ውስጥ ያሳድሩት፤ ጠዋት ከላይ የረጋውን ስብ በማንኪያ አንሥተው ባለቤትዎም ይጠጡት፣ ለአባትዎ ግን የተፈጨ ሥጋ ወይም በደንብ የበሰለና በሹካ የተደቆሰ ጉበት ጨምረው ያፍሉላቸው።